ያለ ዩኒፎርም የመጣ ተማሪ ከበር ይመለስ? የግዴታውን ሒሳብ እንሥራ

ሰበዝ፦
ልጅ ዩኒፎርም ቢለብስ ጠብ የለኝም። ጠቤ በሩ ላይ ከተለጠፈው «ያለ ዩኒፎርም መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ከሚለው ወረቀት ጋር ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርትን እስከ 10ኛ ክፍል ከክፍያ ነፃ አደረገው። ክፍያው ተነሣ፤ ደብተር፣ ጫማና ዩኒፎርም ግን በወላጅ ጫንቃ ላይ ቀሩ። ከሦስቱ ሲጎድል በር የሚያዘጋው አንዱ ብቻ ነው። ደብተር የሌለው ልጅ ከጓደኛው ገንጥሎ ይጽፋል። ጫማው የተቀደደበት ይገባል። የሹራቡ ቀለም የተሳሳተበት ግን ይመለሳል። ነፃ ነው ብሎ ጠርቶ በር ላይ መመለስ «እንዳያማ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» ነው።

ሌላው ወቅቱ ነው። ተራ ልብስ ዓመቱን ሙሉ እየተቆራረጠ ይገዛል፤ ለፋሲካ አንድ ሱሪ፣ ከሰልባጅ አንድ ጃኬት፣ ከታላቅ ወንድም የወረደ ሸሚዝ። ዩኒፎርም ግን ሁለት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ አንዳንድ ቦታም የስፖርት ቱታ ተጨምሮበት በአንድ ሳምንት ይፈለጋል፤ ያውም ከእንቁጣጣሽ፣ ከመስቀልና ከምዝገባ ጋር። ሦስት ልጅ ያለው ቤት ይህን በሦስት ያባዛ። «ሌላ ልብስ ይቆጥባል» የሚባለውም ልጁ ዩኒፎርሙን ለብሶ የሚውልና የሚጫወት ቢሆን ነበር። የትም ቤት ልጅ ገና ሲገባ «ዩኒፎርምህን አውልቅ» ነው የሚባለው፤ ስለዚህ የቤት ልብሱም ያስፈልጋል።

ከበር የተመለሰ ልጅ የሚያጣውን በደቂቃ እንቁጠረው። ስድስት ክፍለ ጊዜ በ40 ደቂቃ ሲባዛ 4 ሰዓት ነው። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል የሚል ካለ ልስማው።

ጥቁር ሰሌዳ፦
ሰበዝ፣ ስለ በሩ ያልከው ላይ ብዙም አልከራከርህም። ግን ግዴታው ሲላላ የሚመጣውን እናንሣ። አንደኛ፣ እኩልነት፤ የሀብታም ልጅ በየቀኑ የሚቀያይረውን ልብስ እያየ የድሃው ልጅ ይሸማቀቃል። ሁለተኛ፣ ሥርዓት፤ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሎንግ ቢች ትምህርት ቤቶች በ1994 እ.ኤ.አ. ዩኒፎርም ግዴታ ካደረጉ በኋላ ወንጀልና ድብድብ መቀነሱን ሪፖርት አድርገዋል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ራሳቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር ደግፈውታል። ሦስተኛ፣ ደኅንነት፤ 3,000 ተማሪ በሚገባበት በር ላይ ጥበቃው ተማሪን ከመንገደኛ የሚለየው በልብስ ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ፑል ቤት የተቀመጠውንም የሚያጋልጠው ያው ልብሱ ነው።

ዳታ ፈላጊ፦
ሎንግ ቢች ሲጠቀስ ሁሌም የሚዘለል ነገር አለ። ዩኒፎርሙ ብቻውን አልመጣም፤ በዚያው ሰሞን ሌሎች የቁጥጥርና የትምህርት ማሻሻያዎችም ገብተዋል። አምስት መድኃኒት በአንድ ቀን የዋጠ በሽተኛ የዳነው በየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ነገሩን በሥርዓት የለካው የብሩንስማና የሮክሞር ጥናት በ1998 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከመላ አሜሪካ የተሰበሰበ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች መረጃ ተጠቅመው፣ የቤተሰብ ገቢንና የትምህርት ቤት ዓይነትን ከለዩ በኋላ፣ ዩኒፎርም በመቅረት፣ በባህርይ ችግርም ሆነ በዕፅ አጠቃቀም ላይ ቀጥተኛ ውጤት አላገኙለትም። በፈተና ውጤት ላይ እንዲያውም ትንሽ አሉታዊ ነገር ታየ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ከ6,000 በላይ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ተከታትሎ በባህርይ ረገድ ልዩነት አጣ። 5ኛ ክፍል ላይ ሲጠየቁም «ይህ ትምህርት ቤት የእኔ ነው» የሚለው ስሜት ዩኒፎርም ባለባቸው ትምህርት ቤቶች ዝቅ ያለ ነበር። ዩኒፎርም አንድ ያደርጋል ለሚሉ ይህቺ ትንሽ ታሳስባለች።

እኩልነትን በተመለከተ፦ ጫማው፣ ቦርሳው፣ ስልኩና የምሳ ዕቃው እንዳለ ነው። በእኛ ከተሞች ደግሞ የባሰ ጉዳይ አለ። የግል ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቀለምና አርማ ስላላቸው ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅ አባቱ ስንት እንደሚከፍሉለት ከሹራቡ ይነበባል። በጂንስና በቲሸርት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልታወቀም። ልዩነቱ ከግቢ ወጥቶ አደባባይ ተሰቀለ ማለት ነው።

ደኅንነቱም ቢሆን፦ ተማሪ ያልሆነ ሰው ለመግባት ካሰበ ሹራቡን ከገበያ ይገዛል። የሚለየው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ነው። እንዲያውም ዩኒፎርም ላይ የሚተማመን ጥበቃ መታወቂያ ማየት ይተዋል።

መርፌ ቁልፍ፦
ከልብስ ስፌት በኩል ልግባ። ዩኒፎርም ውድ የሚሆነው የት ላይ እንደሆነ ብዙ ወላጅም ብዙ ርዕሰ መምህርም አያውቀውም።

ለ10 ዓመት ልጅ ሱሪ፣ ጨርቁ 1 ሜትር ከ50 ስፋት ካለው፣ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ተራ ጥቁር ሰማያዊ ቴትሮን የትም ይገኛል፤ ወላጅ ዋጋ አወዳድሮ ይገዛል፣ የሰፈሩ ሰፊ ይሰፋለታል። ዋጋው የሚሰቀለው ትምህርት ቤቱ «ለየት እንበል» ብሎ ባለ ቼክ ጨርቅ ወይም ኪሱ ላይ በማሽን የተጠለፈ አርማ ሲመርጥ ነው። ያ ቼክ በልዩ ትእዛዝ የሚመጣ ስለሆነ አንድ ሱቅ ብቻ ይይዘዋል፤ አንድ ሱቅ ብቻ ሲይዘው ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ቼክ ስፌት ላይም ጨርቅ ይበላል፤ መስመሩ ጎን ስፌት ላይ እንዲገጥም ሲባል ከእያንዳንዱ ቀሚስ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ይጣላል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ወላጅ ነው።

ቀጥሎ ዕድገት። ከ6 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ጉርምስና ሲይዘው በአንድ ዓመት 8ም 10ም ሊመዘዝ ይችላል። በጅምላ የተሰፋ ሱሪ ከታች የሚታጠፍለት ብዙውን ጊዜ 2 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የውስጥ ስፌቱ ትርፍ ደግሞ 1። ማለትም የሚለቀቅ ነገር የለውም፤ ጥር ላይ ቁርጭምጭሚት ይወጣል። በልክ ለሚያሰፋ ምክሬ፦ ከታች 6 ሳንቲ ሜትር ያስተርፉ፣ ከኋላ የመቀመጫው ስፌት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ ወገቡ ላይ ከኋላ በኩል ላስቲክ። ችግሩ እጥፋቱ ሲለቀቅ የድሮው መስመር ይታያል። ተሸፍኖ የቆየው ክፍል ደምቆ ይወጣና ሱሪው ሁለት ቀለም ይሆናል። ይህ በእንፋሎት አይጠፋም። ለተራ ሱሪ ማንም ግድ አይሰጠውም፤ ለዩኒፎርም ግን «ቀለሙ ልክ አይደለም» ተብሎ ሰልፍ ላይ ያስወጣል።

ስለ ቀለም አንድ ልጨምር። ጨርቅ በየጊዜው ሲነከር አንድ ዓይነት አይወጣም፤ የዓምናውና የዘንድሮው ጥቅል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይለያያሉ። ወላጅ መስከረም ላይ ትክክለኛውን ቀለም ገዝቶም ልጁ ሊቀጣ ይችላል፤ ጥፋቱ የማቅለሚያ ቤቱ ነው።

ወይዘሮ ሳሙና፦
የእጥበቱን ነገር ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው። አንድ ጥንድ ብቻ ያለው ልጅ አምስት ቀን አይለብሰውም፤ ቢያንስ አንድ ቀን ማታ ታጥቦ ጠዋት መድረቅ አለበት። ሸሚዝ፣ ሱሪና ሹራብ በእጅ ለማጠብና ሁለቴ ለማለቅለቅ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይሄዳል፤ በፈረቃ ውኃ ለሚያገኝ ሰፈር ይህ ከወጥና ከመጠጥ ላይ የሚቀነስ ነው። ዝናቡ ደግሞ መስከረም ገና አልለቀቀም። ቴትሮን ሸሚዝ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ያድራል፣ ይደርቃል። ሹራቡ ግን አንገቱና እጅጌው ጫፍ እርጥብ እንደሆነ ይነጋል።

እዚህ ላይ ሦስት ስሕተት ይሠራል። አንዱ፣ ሹራብን ከሰል ማንደጃ ላይ አንጠልጥሎ ማድረቅ። አክሪሊክ ክር ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል፣ ይጠነክራል፤ ቤቱ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ከከሰሉ የሚወጣው የማይታይና የማይሸት ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ይህን በዋዛ አትዩት። ይልቅ ሹራቡን በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ መርገጥ፣ ከዚያ ገመድ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ወይም ወንበር ላይ ዘርግቶ ማሳደር። ገመድ ላይ እርጥቡን ከሰቀሉት በክብደቱ ይለጠጥና እጅጌው ጣት ይሸፍናል። ሁለተኛው በረኪና ነው። ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ሲቆሽሽ በረኪና ይፈስበታል፤ ጥጡን ያሳሳዋል፣ ከጥጥና ከፖሊስተር የተሠራውንም ያወይበዋል። ደረቅ ሳሙና ደረቁ ኮሌታ ላይ ቀብቶ ሩብ ሰዓት ማቆየት ይሻላል። ሦስተኛው ስሕተት የትምህርት ቤቱ ነው፤ አቧራማ መንገድ ለሚሄድ የ7 ዓመት ልጅ ነጭ ሸሚዝ መምረጥ። ማን እንደሚያጥበው ቢታሰብ ኖሮ አይመረጥም ነበር።

ቆላ፦
ድሬዳዋም፣ ጋምቤላም፣ አፋርም ላይ ከደጋ የተቀዳ ደንብ ይሠራል። 65 በመቶ ፖሊስተር የሆነ ጨርቅ ላብ አይመጥም፤ በ35 ዲግሪ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ክፍሉ ውስጥ ሸሚዝ ገላ ላይ ይለጠፋል። ላዩ ላይ ሹራብ «የዩኒፎርሙ አካል ነው» ተብሎ ይታዘዛል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ጠዋት ብርዱ አጥንት እየገባ ከዩኒፎርሙ በላይ ጃኬት መደረብ ክልክል የሚሆንበት አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ጥቁር ሰሌዳ፦
የጨርቁንና የእጥበቱን ተቀብያለሁ፤ አስተማራችሁኝ። ግን መፍትሔው ግዴታውን ማንሣት ነው ወይስ ልብሱን መስጠት? የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ አድሏል። ኬንያም ውስጥ ለተማሪዎች ዩኒፎርም በዕጣ ተሰጥቶ መቅረት ከሲሶ በላይ መቀነሱን ያሳየ ጥናት አለ። ስለዚህ ዩኒፎርም ልጅን ክፍል ያመጣል።

ሰበዝ፦
ይህን ጥናት ስላነሣህ አመሰግናለሁ፤ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ኬንያ በ2003 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ክፍያን አነሣች፤ ዩኒፎርም ግን የወላጅ ወጪ ሆኖ ቀጠለ። የጥናቱ አዘጋጆች ኤቫንስና ንጋቲያ የለኩት ያንን ነው፦ ልብሱን ያገኙት ልጆች ከማያገኙት ያነሰ ቀሩ፤ በተለይ ቀድሞ ዩኒፎርም ያልነበራቸው። ሁሉም እዚያው ግቢ፣ እዚያው ደንብ ሥር ናቸው። ታዲያ ልብሱን ያላገኘውን ቤት ያስቀረው ምንድን ነው? ደንቡና እሱ ያመጣው እፍረት ነው እንጂ ሹራብ ማንበብ አያስተምርም። እንቅፋት አስቀምጠህ፣ ለግማሹ አንሥተህለት፣ «ማንሣት ይጠቅማል» ማለት ትክክል ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ እንቅፋቱ ይጠቅማል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ እነዚያው ልጆች ሲለኩ ልዩነቱ ጠፍቷል፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ልብስ ያረጃል፣ ደንቡ ግን አያረጅም።

ነፃ እደላ መልካም ነው፤ የሚታደልበት ከተማ ውስጥ የበሩ ክርክር ይቀላል። ከዚያ ውጭ ላለው ወረዳ ግን አይደርስም፤ የግል ትምህርት ቤትንም አይመለከትም።

መርፌ ቁልፍ፦
ስለ ጅምላ እደላ የስፌት ማስታወሻ። ልኬት ሰኔ ላይ ተወስዶ ልብሱ መስከረም ወይም ጥቅምት ከደረሰ ልጁ እስከዚያ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር አድጓል። ስለዚህ በዕድሜ ወይም በክፍል አይታዘዝም፤ 5ኛ ክፍል ውስጥ 1 ሜትር ከ25 የሆነም 1 ሜትር ከ50 የሆነም አለ። በቁመት ይለካ፣ በየ6 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ልክ ይውጣ፣ እያንዳንዱ ልጅ ከተለካው አንድ ልክ ከፍ ይበልለት፣ ከጠቅላላው ላይ ከ5 እስከ 8 በመቶ ለመቀያየሪያ ይትረፍ። መቀያየሪያ ከሌለ መጀመሪያ የተሰለፈው ልኩን ወስዶ የመጨረሻው ክፍል የተረፈውን ይለብሳል። ሰፊ ልብስ ማጥበብ ይቻላል፤ ጠባቡን ማስፋት ግን አይቻልም።

የናታንያዋ፦
ከእስራኤል ነው የምጽፈው። እዚህ ዩኒፎርምን «ቲልቦሼት አሒዳ» ይሉታል፤ አብዛኛው ቦታ አርማ የታተመበት ቲሸርት ብቻ ነው፤ ሱሪው፣ ቀሚሱ፣ ጫማው የራስ። ወላጅ ከተፈቀዱት ቀለሞች ተራ ቲሸርት ገዝቶ አርማውን ማተሚያ ቤት ያስመታል። ሥራው በሙቀት ማተሚያ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ነው። ጨርቁ ሙሉ ፖሊስተር ከሆነ ሙቀቱ ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ ያብለጨልጫል፣ የማተሚያው ቅርጽ ይቀርበታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ገልብጦ ማጠብ፣ አርማው ላይ በቀጥታ ካውያ አለማሳረፍ።

ግን ገነት ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ክረምት ሲመጣ «ከላይ የሚደረበውም አርማ ይኑረው» የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠመ ወጪው ተመልሶ ይመጣል። ቲሸርት ርካሽ ነው፤ ሹራብ አይደለም። ደንቡ ላይ «የላይኛው ድራቢ ነፃ ነው» የሚል መስመር ካልገባ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ቀሚስና ሱሪ፦
ስለ ሴት ልጆች አንድም ቃል አልተጻፈም፤ ይገርማል። ግዴታው እነሱ ላይ እጥፍ ነው። ቀሚስ ብቻ የሚፈቅድ ደንብ ከሆነ ረጅም መንገድ የምትሄደው፣ ኳስ የምትጫወተው፣ ብርድ የሚመታት ሁሉ በዚያው ቀሚስ ነው። ካኪና ቀላል ሰማያዊ የሚመርጡ ትምህርት ቤቶች የወር አበባን አያስቡም፤ እድፍ ወዲያው ይታያል። ልጅቷ ሹራቧን ወገቧ ላይ ብታስር «አለባበስሽን አስተካክዪ» ትባላለች። ከዚያ በኋላ ያለው መቅረት በዩኒፎርም ሒሳብ አይመዘገብም። የታችኛው ልብስ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይሁን፤ ሱሪ ለፈለገች ይፈቀድ፤ ቀሚሱ የጎን ኪስ ይኑረው፣ 12 በ15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ ሞዴስ የሚይዝ። ለአንድ ኪስ የሚሄደው ጨርቅ ከቁርጥራጭ ይገኛል።

ነጠላ፣ ሻሽና ሂጃብም እዚሁ ውስጥ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ የሂጃብ ጉዳይ ተማሪዎችን ከ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ጋር አጋጭቶ ፍርድ ቤት ደርሷል። ደንብ የሚያወጣ ሰው ስለ ራስ መሸፈኛ በግልጽ ካልጻፈ ውሳኔው በዕለቱ ተረኛ እጅ ይወድቃል።

ጥቁር ሰሌዳ፦
እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። ነገ የወላጅ መምህር ኅብረት ተሰብስቦ ደንቡን ቢያሻሽል ምን ብሎ ይጻፍ? በሩ ላይ ያለው ጥበቃስ ምን ያድርግ? «ልል ሁን» ተብሎ አይታዘዝም፤ እሱ የሚያውቀው ይግባ ወይም አይግባ ነው።

ሰበዝ፦
ለጥበቃው የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ይሁን፦ መታወቂያ ያለው ይገባል። ልብሱን የሚመለከተው የክፍል ኃላፊ መምህሩ ነው፤ ስሙን መዝግቦ ልጁ እየተማረ ለወላጅ ይነግራል። ሰልፍ ላይ ማስወጣት ይቅር።

ለደንቡ ደግሞ እንግሊዝ ጥሩ ትምህርት ሰጥታለች። በ2021 እ.ኤ.አ. የዩኒፎርም ወጪን የሚመለከት ሕግ አወጣች፤ ትምህርት ቤቶች አርማ ያለበትን ልብስ በጣም እንዲቀንሱ፣ ያገለገለ ዩኒፎርም የሚገኝበትን መንገድ እንዲያመቻቹ፣ ከአንድ አቅራቢ ጋር ከተዋዋሉም ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ጨረታ እንዲያወጡ መመሪያው ያዛል። እኛ ጋ የሚሠራው እንዲህ ቢጻፍ ነው፦ ላይኛው ሰማያዊ የትኛውም ድምቀት፣ ታችኛው ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ፣ ጨርቁና ሱቁ የወላጅ ምርጫ፣ ድራቢ ነፃ። አርማ የግድ ከተባለ ለብቻው በመሥሪያ ዋጋው ይሸጥ። ቀለም የሚቀየር ከሆነ የቀድሞው ለሦስት ዓመት ጎን ለጎን ይለበስ፤ ታናናሾች የታላቆቻቸውን ይውረሱ።

መርፌ ቁልፍ፦
አርማው 6 በ7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ሙጫ ያለውን አትግዙ፤ ሁለት ሦስት እጥበት ላይ ጥጉ ይነሣል። ዙሪያውን በእጅ በሰፋፊ ስፌት ይያዝ፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ሁለቴ ይደገም። ልብሱ ሲጠብ ክሩን በጥሶ ወደ ሌላው ማዛወር 10 ደቂቃ ነው። በማሽን የተጠለፈ ግን ከሸሚዙ ጋር ያረጃል።

ወይዘሮ ሳሙና፦
ቢሮ ውስጥ የሚያዝ የውሰት ሸሚዝ ያላችሁ ትምህርት ቤቶች፦ ሦስት ልክ፣ ከየልኩ አራት አራት። ላዩ ላይ ግን ቁጥርም ማኅተምም አታድርጉበት። «የቢሮ ሸሚዝ» የሚል ስም ከወጣለት ልጁ እሱን ከሚለብስ ቤት መዋልን ይመርጣል። ምልክት ካስፈለገ ኮሌታው ውስጥ በኩል በነጭ ክር።